ከቆጋ መስኖ ጫፍ፦ የአንድ ቦይ የጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 2

የዘንድሮው ሥራ የተነሣው ከአቤቱታ ነው። ከቆጋ ግድብ የሚወጣው ዋና ቦይ ወደሚያልቅበት አካባቢ ባለ አንድ ብሎክ ውስጥ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ ተራቸው በደረሰ ቁጥር ውኃው እርሻቸው ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚቀር ለውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራቸው ደጋግመው አመልክተዋል። ማኅበሩም ነገሩን መርምረን የሚጠገነውን እንድንጠግን እኔንና አንድ የመስኖ ቴክኒሻን ጠየቀ። የተረከብነው አንድ ሦስተኛ ደረጃ ቦይ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 1,150 ሜትር ሲሆን በግራና በቀኝ ስድስት ቅርንጫፎች ይወጡለታል። የሠራነውንም ያበላሸነውንም በየቀኑ እዚህ እመዘግባለሁ።

የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና የሚገባ የዓባይ ተፋሰስ ውኃ ነው። ግድቡ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከመራዊ ከተማ አጠገብ በአፈር የተገነባ ሲሆን፣ ርዝመቱ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 21 ሜትር አካባቢ፣ የሚይዘው ውኃም ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ያበደረበት ይህ ፕሮጀክት የታቀደው ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ነበር። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ዋና ቦይ 12 ሁለተኛ ደረጃ ቦዮች ይወጣሉ። ዋናው ቦይ ሌሊትም ቀንም ይፈስሳል፤ ገበሬው ግን የሚያጠጣው ቀን ነውና የሌሊቱ ውኃ በየብሎኩ ራስ ላይ በተሠሩ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተይዞ ያድርና ጧት ከቀኑ ፍሰት ጋር ይለቀቃል። ስለዚህ ከኩሬው በታች ያለ ቦይ በ12 ሰዓት ውስጥ የ24 ሰዓት ውኃ እንዲያሳልፍ ይጠበቅበታል። በወረቀት ላይ የሚያምር አሠራር ነው፤ በተግባር ግን ሌሊትም ወደ ቦዩ የሚወርድ ውኃ አለ። የሚፈተነው ግን ገበሬው በእጁ በሚያዞራት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነች የብረት መዝጊያ ላይ ነው።

ኅዳር 4

ቦዩን ከራሱ እስከ ጫፉ በእግር ሄድንበት። የመጀመሪያው 700 ሜትር የሚያልፈው በቀዩ አፈር ላይ ነው፤ ከዚያ 180 ሜትር ያህል ዋልካ (ጥቁር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር) ያቋርጥና ተመልሶ ቀይ አፈር ይገባል። ደለሉ ራሱ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። በአንዳንድ ቦታ ሣሩ ከሁለት በኩል ተገናኝቶ ውኃውን ሸፍኖታል።

ለጊዜው ትኩረቴን የሳበው ግን ደለሉ አልነበረም። በየቅርንጫፉ መዝጊያ አጠገብ የድንጋይ፣ የጭድና አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ክምር አለ። መዝጊያ በደንብ የሚዘጋበት ቦታ እንዲህ ያለ ክምር አይኖርም። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ማዞሪያው ጎማ የለም፤ ቪቴው (መዝጊያውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጥርስ ያለው ዘንግ) ወደ አንድ ጎን ጎብጧል፤ ከሥሩም አንድ ድጅኖ የመዝጊያው አካል እስኪመስል ድረስ በሣር መካከል ተጋድሞ አገኘነው። የማን እንደሆነ ስንጠይቅ አብረውን የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ኅዳር 9 እና 10

ደለሉ በደቦ ተጠረገ። ለእያንዳንዱ አባወራ የሚደርሰው ርዝመት በያዘው ቃዳ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) ልክ ተከፋፍሎ ነበርና፣ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ጠረገ። ማኅበሩ በዚህ በኩል የሚነቀፍበት ነገር የለም።

እኛ የጨመርነው ችካልና ሲባጎ ብቻ ነው። ቦይ በየዓመቱ በአካፋ ሲጠረግ ሰው ደለሉን ጨርሶ ወደ ዋናው መሬት እንደገባ አያውቅም፤ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ድረስ ይቆፍራል። አሥር ዓመት እንዲህ ከተሠራ የቦዩ ወለል ከቅርንጫፎቹ መውጫ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ውኃውን ወደ ቅርንጫፉ ለማውጣት ቦዩን በድንጋይ መገደብ ግድ ይሆናል፤ የተገደበ ቦይ ደግሞ ደለል ይይዛል። የሁለተኛው ቅርንጫፍ ፊት ለፊት የሆነው ይኸው ነው፤ ወለሉ ከመውጫው ጠርዝ 14 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘነው። ስለዚህ በየ25 ሜትሩ ችካል ተክለን፣ ከፍታውን በውኃ ልክ አስተካክለን፣ ሲባጎ ዘርግተን፣ ከሲባጎው በታች ከዚህ በላይ አይቆፈር አልን። አንድ ጎረምሳ «ውኃ መንገዱን ያጣል ብላችሁ ነው?» ብሎ ቀለደብን። ከሰዓት በኋላ ግን ችካሉ ሲነቃነቅበት መልሶ የሚተክለው እሱ ነበር።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው። የውኃው ተራ የሁለተኛው ቅርንጫፍ ነበር፤ አካፋ የያዘ ሰው ግን በእርሻው ላይ አልነበረም። ውኃው ቀኑን ሙሉ በቅርንጫፉ ወርዶ በእርሻዎቹ ዳር ተሻግሮ ወደ ማፋሰሻው ሲገባ ዋለ። በወሩ ውስጥ የሚከበሩትን በዓላት ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ስንደምራቸው የተራው ሰሌዳ ለምን በየሳምንቱ እንደሚፋለስ ግልጽ ሆነልኝ። ሰሌዳውን የሠራው ሰው ወሩን 30 የሥራ ቀን አድርጎ ቆጥሮታል።

ማታ ሽማግሌዎቹና የአጥቢያው ቄስ ባሉበት ጉዳዩን አነሣነው። ረጅም ክርክር ነበር፤ በመጨረሻም በበዓል ቀን አፈር መቆፈርና ፈር ማውጣት እንደማይገባ፣ መዝጊያ አዙሮ ውኃን ከብክነት ማዳን ግን ነውር እንደሌለበት ተስማሙ። ስለዚህ በዓል በዋለ ቀን የቦዩ ራስ ይዘጋል፤ ተራውም በሰሌዳው ላይ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ለላይኛው ቦይ ኃላፊም በዋዜማው ይነገረዋል፤ አለዚያ ኩሬው ሞልቶ ይፈስሳል።

ኅዳር 14

ዛሬ መለካት ጀመርን። በቦዩ ራስ ላይ ቀጥ ያለ 20 ሜትር ርዝመት መርጠን፣ ግማሽ ድረስ በውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየለቀቅን ጊዜውን አምስት ጊዜ ያዝን። አማካዩ 52 ሰከንድ ሆነ፤ ይህም የላይኛው ውኃ በሰከንድ 38.5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በወለሉና በጎኑ ያለው ውኃ ከላይኛው ይልቅ ስለሚዘገይ በ0.8 አባዛነው። የውኃው አማካይ ስፋት 75፣ ጥልቀቱ 32 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ፍሰቱ በሰከንድ 74 ሊትር ወጣ። በጠርሙስ የተለካ ቁጥር አሥር በመቶ ወዲያና ወዲህ ቢል አይገርምም። ቢሆንም ለምንፈልገው ነገር ይበቃል።

ኅዳር 15

ለታችኛው ጫፍ የሚሆን መለኪያ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አስቆርጠን ነበር። መሐሉ ላይ ወደ ታች የሾለ፣ 90 ዲግሪ የሆነ የማዕዘን ቅርጽ የተቆረጠበት ሳንቃ ነው። ውኃው በዚህ ማዕዘን ሲወርድ፣ ከማዕዘኑ ጫፍ እስከ ውኃው ገጽ ያለውን ከፍታ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ብሎ መለካት ፍሰቱን ለማወቅ ይበቃል፤ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 4.4፣ 20 ሲሆን 25፣ 30 ሲሆን 68 ሊትር በሰከንድ ይሰጣል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ማደጉን ለማኅበሩ አባላት ማስረዳት ከባድ ሆነብን። ቴክኒሻኑ በኖራ ቀለም የተሠመረ እንጨት አጠገቡ ተክሎ፣ ከሳንቲ ሜትሩ ጎን ሊትሩን ጻፈበት። እኔ ያላሰብኩት ብልሃት ነበር።

አራቱን የላይ ቅርንጫፎች ዘግተን፣ ከአራተኛው በታች ሳንቃውን ተክለን፣ ጎንና ሥሩን በጭቃ ደፍነን ጠበቅን። ውኃው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ረጋ፤ 43 ሊትር ማለት ነው። ከ74ቱ 43ቱ ከደረሰ ችግሩ የተፈራውን ያህል አይደለም ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 17

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። ዛሬ ጧት፣ ዘመናዊው መስኖ ከመምጣቱ በፊት በወንዙ ዳር የነበረውን የባህላዊ ጠለፋ ያስተዳድሩ የነበሩ አንድ የውኃ አባት መጡ። ሳንቃውን ጎንበስ ብለው ዓይተው፣ በበትራቸው ከሳንቃው በታች ያለውን ውኃ ነካ ነካ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ውኃ ቆሟል እንጂ መች ይወርዳል?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ከሳንቃው በታች ያለው ቦይ በሣር ታፍኖ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሷልና፣ በማዕዘኑ በኩል በነጻ መውደቁ ቀርቶ የታችኛው ውኃ የላይኛውን ደግፎ ይዞታል። እንዲህ ሲሆን ከፍታው ከእውነተኛው ፍሰት በላይ ይናገራል። ሳንቃውን ነቅለን በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን፣ የታችኛውን ቦይ 40 ሜትር ያህል ጠርገን፣ ውኃው ከብረቱ ተላቅቆ አየር እየገባበት ሲወድቅ ካየን በኋላ እንደገና ለካን። ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ 28 ሊትር ማለት ነው። ራሱ ላይ የገባው ያው 74 ስለነበር፣ ሁሉም ቅርንጫፍ «ተዘግቶ» እያለ 46 ሊትር በመንገድ ይጠፋል ማለት ነው።

የኅዳር 15ን ገጽ አልሰረዝኩትም። በዳሩ ላይ «ስሕተት፤ ሳንቃው ሰጥሟል» ብዬ ጻፍኩበት።

ኅዳር 19 እና 20

46 ሊትር የት ይገባል? በስብሰባው ላይ ሁሉም ሰው መልሱን የሚያውቅ ይመስል ነበር። የታችኞቹ የላይኞቹን በሌብነት፣ የላይኞቹ አፈሩን በስርገት ከሰሱ። ሌብነትን በመለኪያ መያዝ ስለማይቻል ከስርገቱ ጀመርን።

ከቦዩ 100 ሜትር ርዝመት መርጠን፣ ሁለቱን ጫፍ በአፈር በተሞሉ ማዳበሪያዎችና በፕላስቲክ ዘግተን፣ እስከ ልማዱ ከፍታ በውኃ ሞላነውና ውኃው በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ጠበቅን። በቀዩ አፈር ላይ በሰዓት 4 ሳንቲ ሜትር ወረደ። አማካይ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ይህ በሰዓት 3.6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ በሰከንድ አንድ ሊትር ነው። ለመላው ቦይ ብንወስደው 11.5 ሊትር ይሆናል። ጥቂት አይደለም፤ ከ46 ጋር ሲነጻጸር ግን ሩቡ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከቴክኒሻኑ ጋር የተከራከርንበትን ነገር ላስቀምጥ። እሱ «ሰርጎ የገባ ውኃ ጠፋ አይባልም፤ ወደ ማፋሰሻው፣ ከዚያም ወደ ቆጋ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ጣና ይመለሳል» ይላል። በተፋሰስ ደረጃ እውነቱን ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ ጫራ ጫራ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ ይሄዳል፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ በዋሻ ተጠልፎ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው የበለስ ጣቢያ ያልፋል። እዚህ ከመዝጊያ ሥር ያመለጠ ውኃ እዚያ ተርባይን ያዞር ይሆናል። ሆኖም በ1,150ኛው ሜትር ላይ ሽንኩርቷ የጠወለገባት ሴት የተፋሰሱን ሒሳብ ይዛ ገበያ አትወጣም። የተላክነውም ለቦዩ እንጂ ለተፋሰሱ አይደለም። ክርክሩ በዚህ ቆመ።

ኅዳር 22

መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ለካን። ሁሉም እስከ መጨረሻው ተዘግተው ነበር፤ ትንሿን ሳንቃ በየቅርንጫፉ ውስጥ እየተከልን ሾልኮ የሚያልፈውን ያዝን። ሁለተኛው ቅርንጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር አሳየ፤ ወደ 7 ሊትር ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም ድጅኖ የተገኘበት፣ 15 ሳንቲ ሜትር፤ 12 ሊትር። አንደኛውና አራተኛው ተደምረው 3 ሊትር ገደማ። ጠቅላላው 22 ሊትር ነው፤ ከዚህም ውስጥ ማንም ሰው በክፋት የወሰደው የለም። ሌሊቱን ማንም ሳይፈልገው ወደ ሦስተኛው ቅርንጫፍ እርሻዎች ሲገባ ያድራል፤ እዚያ ደግሞ ድንቹ በውኃ ብዛት ሥሩ እየበሰበሰ ስለሆነ እነሱም ያማርራሉ። የላይኛው ሰው ሌባ፣ የታችኛው ተበዳይ ተብሎ የተያዘው ጉዳይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ስርገት 11.5፣ ፍሳሽ 22፤ ድምሩ 33.5። ከ46 ላይ 12.5 ሊትር አሁንም የት እንደገባ አልታወቀም።

ኅዳር 24

የጎደለው 12 ሊትር ተገኘ። ዋልካው በሚጀምርበት ቦታ ቦዩ በድንጋይ ግንብ ከተሠራ ደረጃ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ከደረጃው በታች ባለው ማፋሰሻ ውስጥ፣ ዝናብ ካቆመ ሳምንታት ባለፉበት ሰሞን፣ ቄጠማ ለምልሞ እንቁራሪት ሲጮህ ቴክኒሻኑ ሰማ። ውኃውን ከላይ አቁመን ደረጃውን ስንመረምር ከግንቡ ራስ በስተግራ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘን። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከግንቡ ጎን ሲደርስ ውኃው መንገድ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ አፈሩን እያጠበ በግንቡ ሥር ዋሻ ሠርቶ በሌላው በኩል ወጣ። ከላይ የሚታየው ግንብ ግን ምንም አልሆነም፤ ልስኑ እንኳ አልተላጠም። ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ የተነካኝ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነበር። ትልቅ ጎርፍ ቢመጣ ኖሮ ደረጃው በአንድ ሌሊት ይወድቅ ነበር።

ሲሠራ በግንቡ ግራና ቀኝ ቀይ አፈር ተሞልቶ መጠቅጠቅ ነበረበት። የተሞላው ግን ከዚያው የተቆፈረው ዋልካ ነው። ማን እንደሠራው መጠየቅ አሁን ጥቅም የለውም።

ኅዳር 26 – ታኅሣሥ 1

ዋሻውን ከላይ ከፍተን እስከ ጤነኛው አፈር ቆፈርን። ጥልቀቱ 1.4 ሜትር ደረሰ። ከ600 ሜትር ርቀት ቀይ አፈር በአህያና በባሬላ አስመጣን፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እያነጠፍን፣ ትንሽ እያራስን፣ እጀታ በተበየደለት ከባድ ብረት ጠቀጠቅን። እርጥበቱን የምንፈትነው በመዳፍ ጨብጠን ነበር፤ ሲጨበጥ ኳስ ሆኖ ሲወድቅ የሚፈረካከስ ከሆነ ልክ ነው፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ በዝቷል። በግንቡ ላይ አንድ ተኩል ሜትር ወደ ጎን የሚዘልቅ የድንጋይ ክንፍ ጨመርን፤ ውኃው ዳግመኛ ዙሪያውን ልሂድ ቢል መንገዱ እንዲረዝምበት ነው። መጋጠሚያውን በአንድ ለሦስት የሲሚንቶና የአሸዋ ውህድ ለሰንነው።

ታኅሣሥ 4

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልስኑ ካለቀ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየት እንዳለበት ለሌላው ሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ስንዴ የዘሩት ገበሬዎች ለመጀመሪያው ውኃ ቸኮሉ፤ ሊቀ መንበሩም «ኢንጅነር፣ ዘሩ መሬት ውስጥ ነው፤ ምን ልበላቸው?» ብሎ ሲለምነኝ፣ ግማሹን ፍሰት ብቻ እንልቀቅ ብዬ ፈቀድኩ። ዛሬ ጧት መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ፣ በሥሩም የልስኑ ቅርፊት ታጥቦ አገኘነው። ውኃው ገና አልሾለከም፤ ግን ይሾልካል።

ውኃውን ዘጋን። ለስንዴው ሲባል ከአንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ታች የሚወስድ ጊዜያዊ ፈር በገበሬዎቹ ፈቃድ በእርሻ ዳር ቆፍረን ሁለት ቀን አሳለፍነው። አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ ይህንን ነበር። የድሮውን ልስን ቀርፈን ታኅሣሥ 6 እንደገና ለሰንን፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ጧትና ማታ ውኃ እያጠጣን ስምንት ቀን ጠበቅን። ጆንያውን እንዲያርስ የተቀጠረው ልጅ አንድ ቀን እንኳ አላጓደለም።

ታኅሣሥ 9 – 15

ልስኑ ሲጠነክር ወደ መዝጊያዎቹ ዞርን። የፍሳሹ ምክንያት ሁለት ነው። ውኃ እንዳይሾልክ በመዝጊያው ጎንና ሥር የተገጠመው ጎማ ፀሐይ አድርቆት ተፈረካክሷል፤ የሦስተኛው ቪቴ ደግሞ ስለጎበጠ መዝጊያው በአንድ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ሳይነካ ይቀራል። ጎማውን ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ቆርጠን፣ በጠፍጣፋ ብረትና በቡሎን አሰርነው። መራዊ ላይ አዲስ ጎማ ብንፈልግ የተገኘው ወፍራም ስለነበር መዝጊያው በሐዲዱ ውስጥ አልገባ አለ። ካላማዳሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ እናያለን። የጎበጠውን ቪቴ አንድ በያጅ አሙቆ አቀናው፤ ጥርሱ የተበላበትን ዳዶ ግን መጠገን ስለማይቻል በአዲስ ተካን። ቪቴውን ሁሉ ግሪስ ቀባነው።

ይህ የብረት ሥራው ነው። ቪቴው ለምን ጎበጠ የሚለው ግን በበያጅ አይመለስም። ነገሩን ስንከታተል፣ ማዞሪያ ጎማውን የፈታው ማኅበሩ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ያለተራው የሚከፍት እንዳይኖር ተብሎ፣ ማዞሪያው አንድ ብቻ ሆኖ በቦይ ተቆጣጣሪው ቤት ይቀመጣል። ቤቱ ከሦስተኛው ቅርንጫፍ የ40 ደቂቃ መንገድ ነው። ተራው ጧት 12 ሰዓት የሆነ ገበሬ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ማዞሪያ ሊለምን አይሄድም። ጎረቤቱ ድጅኖ አለው። ቪቴውን ያጎበጠው ሌባ ሳይሆን ተራው የደረሰ፣ መብቱን የሚጠቀም ሰው ነው። የቁጥጥር ደንቡ መዝጊያውን ከሌባ ጠብቆ ለድጅኖ አሳልፎ ሰጥቶታል።

በስብሰባው ላይ ማዞሪያው ተመልሶ ይገጠም የሚሉና እንዳለ ይቆይ የሚሉ እኩል ለእኩል ሆኑ። ከብዙ ንግግር በኋላ ለየቅርንጫፉ አንድ ማዞሪያ ተሠርቶ፣ የዕለቱ ባለተራ ሲጨርስ ለነገው ባለተራ በእጁ እንዲያስረክብ ተወሰነ፤ ያልተረከበ ሰው ተራው ይዘለላል፤ ያላስረከበ ደግሞ በመተዳደሪያ ደንባቸው ይቀጣል። ስለ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራቱ የራሳቸውን ደንብ አውጥተው እንዲተዳደሩ ስለሚፈቅድ፣ ለዚህ ከላይ የሚመጣ ደብዳቤ መጠበቅ አላስፈለገም። የውኃ አባቱ «ዱሮም ውኃ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚሄድ» ብለው ውሳኔውን ባረኩት።

በቪቴው ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ቀይ ቀለም አደረግን፤ «ሁለት ቀይ ክፈት» ማለት ስለ ሊትር ከማውራት ይቀላል።

ታኅሣሥ 16

ሙሉ ፍሰት ተለቀቀ። በጠርሙሱ ስንለካ ራሱ ላይ 71 ሊትር ገባ። አራቱ ቅርንጫፎች ተዘግተው ታች ያለው ሳንቃ 28 ሳንቲ ሜትር አሳየ፤ 57 ሊትር። ከሳንቃው በታች ውኃው በነጻ መውደቁን ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ተመለስኩና አየሁ። የሚጠፋው ከ46 ወደ 14 ሊትር ወርዷል፤ ከዚህም አብዛኛው ስርገት ነው። ጫፍ ላይ የተጨመረው 29 ሊትር በ12 ሰዓት ውስጥ 1,250 ሜትር ኩብ ይሆናል። በእርሻ ውስጥ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ለማጠጣት በቀን ወደ አሥር ቃዳ ተጨማሪ መሬት ይበቃል።

ስርገቱን ለመቀነስ ቦዩን በግንብ መሸፈን የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶች ተነሥቷል። አልደገፍኩትም። 1,150 ሜትር ግንብ ለ11 ሊትር ብዙ ገንዘብ ነው፤ ለዚያው ገንዘብ የሌሎች አሥር ቦዮች መዝጊያ ይጠገንበታል። የዋልካው 180 ሜትር ላይ ግን ቀይ አፈር አልብሶ መጠቅጠቅ ለመጪው ኅዳር የሚታሰብ ነው።

ጥር 3

በስድስተኛው ቅርንጫፍ፣ ማለትም በመጨረሻው፣ ሁለት ቃዳ ሽንኩርት ያላት አንዲት ሴት ተራዋ ቀን ሆኖ እንዲዛወርላት ለማኅበሩ አመለከተች። ላለፉት ሦስት ዓመታት ተራዋ በስምምነት ሌሊት ነበር፤ የላይኞቹ ገበሬዎች ሌሊት ሲተኙ ውኃው ወደ ጫፉ ይደርስ ስለነበር፣ ልጇን አዝላ በባትሪ ታጠጣ ነበር። «አሁን ቀን ይደርሳል አሉኝ፤ ቀን ከደረሰማ እኔም እንደ ሰው ልተኛ» አለች። ተፈቀደላት።

ጥር 8

ከሳንቃው አጠገብ ያለውን እንጨት የሚያነበው ልጅ ዛሬ ጧት 24 ሳንቲ ሜትር ብሎ ጻፈ፤ ትናንት 27 ተኩል ነበር። ወደ 39 ሊትር መውረድ ማለት ነው። ቦዩን ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ ሁሉም መዝጊያ ተዘግቷል፤ ደረጃው ደኅና ነው፤ ጆንያ የሚያርሰው ልጅ የጠበቀው ልስን እንኳ አልተሸረፈም። ምክንያቱ ከራሱ ነው፤ የገባው 53 ብቻ ነው። ከሌሊት ማጠራቀሚያው መውጫ ላይ ያለው ወንፊት በቅጠልና በሣር ተደፍኗል። በአካባቢው በየዳሩ የተተከለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ወደ ኩሬው ያራግፋል። በእጅ ጠርገን ወጣን፤ ከሰዓት በኋላ 27 ሆነ።

ለወንፊቱ ማን ይመደብ የሚለው ለእሑዱ ስብሰባ ተይዟል። ከሳንቃው በስተኋላም 6 ሳንቲ ሜትር ደለል ተጠራቅሟል፤ ከማዕዘኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ጥር 13 ላይ፣ ከቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ አካፋ ይዘን እንመለሳለን።